ሲንጀር፣ ፍሪጅና ቡፌ

ያገለገለ ዕቃ የሚሸጠው ከነእንከኑ ነው። ይህን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ ኖራለች፤ ደንበኛ ያመጣው ጨርቅ ላይ ቀዳዳ ካየች መቀስ ሳታነሳ ባለቤቱን ጠርታ ታሳየዋለች። ከግቢያችን ለቅቀን ኮንዶሚኒየም ስንገባ ታዲያ፣ ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም፣ ቡፌው ገና ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ አላልፍ አለ። ፍሪጁ ለጠባቧ ማዕድ ቤት አልሆነም። እናቴም ዓይኗ ስለደከመ "ሲንጀሩንም አብራችሁ ሽጡት፤ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ የሚሠራበት ሰው ይውሰደው" አለች።

ድሮ ቢሆን ቆራሌው ይጠራል፤ ወይም ምናለሽ ተራ የሚታወቅ ሰው ይፈለጋል። አሁን ገበያው ስልክ ውስጥ ገብቷል። ታናሽ እህቴ "አንድ ቦታ ብቻ ከተለጠፈ ማን ያየዋል?" ብላ ፎቶዎቹን ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ላይ፣ ቴሌግራም ቻናሎች ላይ፣ ያገለገሉ ዕቃዎች መሸጫ ድረ ገጽ ላይ በተነቻቸው። ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። "ፍሪጁ በደንብ ያቀዘቅዛል፤ የበሩ ጎማ ግን ከታች በኩል ላልቷል። ሲንጀሩ በእግር የሚረገጥ ነው፤ ቀበቶው ረግቧል፣ መለወጥ አለበት።" እህቴ አንብባ "እንዲህ ተብሎ ማን ይገዛል?" አለችኝ።

የሚገዛማ አይጠፋም። ኢቤይ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲጀመር መሥራቹ ፒየር ኦሚድያር ለሽያጭ ያወጣው የተበላሸ የሌዘር ጠቋሚ ነበር፤ መበላሸቱንም አልደበቀም። በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም ተሸጠለት። ገዢው የተበላሹ የሌዘር ጠቋሚዎችን የሚሰበስብ ሰው ሆኖ ተገኘ።

ስልኩ መጮህ ጀመረ። ዕቃውን ሳያይ "የመጨረሻውን ንገረኝ" የሚለውን አልቀየመውም፤ ድርድር ያለ ነገር ነው። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። አንድ ጠዋት የእኛው ፍሪጅ በማናውቀው ቻናል ላይ ብቅ አለ። ከጀርባው የቤታችን ሰማያዊ ግድግዳና እናቴ ምስማር ላይ የሰቀለችው የቀን መቁጠሪያ ሳይቀር ይታያል። ስልክ ቁጥሩ ግን የደላላ ነው፤ ዋጋውም ከፍ ብሏል። ስለ ጎማው የጻፍኩት ጠፍቶ "በጣም ፍሬሽ፣ ባለቤቱ ከአገር ሊወጣ ስለሆነ በአስቸኳይ" የሚል ተተክቷል።

ይህን አምኖ አንድ አባወራ ፒክአፕ ተከራይቶ ከቡራዩ መጣ። ከኪሱ የብር ኖት አውጥቶ በሩ ላይ አስገባና ዘጋው፤ ከዚያ ሳብ አደረገው። ከላይ በኩል ጎማው ጥርቅም አድርጎ ያዘው። ከታች ሲሞክረው ኖቱ ምንም ሳይዘው ሾልኮ ወጣ። "ፍሬሽ ነው ተብዬ ነው የመጣሁት" አለ ፊቱ ጠቁሮ። የራሴን ማስታወቂያ አውጥቼ አስነበብኩት። ቆም ብሎ አሰበና እኔ በጠየቅሁት ዋጋ ወሰደው። ሲጫን እንዳያስተኙት ለመንኳቸው፤ ፍሪጅ ከተጋደመ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቱቦው ይሄዳል። ቤት ሲደርስም ሰዓታት ቆሞ ሳያርፍ መብራት ላይ እንዳይሰኩት ነገርኩት። ማታ ደላላው ደውሎ ኮሚሽን ጠየቀኝ። ኮሚሽን ገዢና ሻጭን ላገናኘ ይገባል፤ የሰው ድካምና የመኪና ኪራይ በውሸት ላስወጣ ግን አይገባም። ይህንኑ ነግሬው አልከፈልኩም።

የሲንጀሩ ነገር ከዚህ የባሰ ነበር። አንድ ሰው ደወለና "አለቃ፣ ስልክህን መርፌው አጠገብ አስጠጋው፤ ኔትወርኩ ከተቋረጠ ንገረኝ፣ የፈለግከውን እከፍላለሁ" አለኝ። ነገሩ ገባኝ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሳዑዲ አረቢያ ውስጥ አሮጌ የሲንጀር መኪኖች ቀይ ሜርኩሪ የሚባል ውድ ነገር አላቸው ተብሎ ተወርቶ ሕዝቡ ሲሻማ፣ ለአንዱ እስከ 200 ሺህ ሪያል ተጠይቆ ነበር። መኖሩም የሚታወቀው ሞባይል ሲጠጋው መስመሩ ከተቋረጠ ነው ይባል ነበር። ፍጹም ውሸት ነው፤ መኪናው ውስጥ ብረትና የማሽን ዘይት እንጂ ሌላ የለም። ይህንኑ ነገርኩት። አላመነኝም፤ ዋጋ ጨመረ። እንዲህ ያለ ሰው ጥሪቱን ይዞ ሲመጣ ተቀብሎ ዝም ማለት ስርቆት ነው። እምቢ አልኩት።

ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ገንዘቡን በቴሌብር እንደላከ በጽሑፍ መልእክት አሳየኝ። የቴሌብር መልእክት ከ127 ነው የሚመጣው፤ ይሄ ከተራ ስልክ ቁጥር ነው። ሒሳቤን ከፍቼ ሳየው የገባ ነገር የለም። "ኔትወርክ ነው" አለና ወረደ።

በመጨረሻ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፉ እናት መጡ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና አላቸው፤ መብራት ሲጠፋ ሥራ እንዳይቆምባቸው በእግር የሚረገጥ ይፈልጋሉ። ከቦርሳቸው ቁራጭ ጨርቅ አውጥተው አጠፉት፣ መዘውሩን በእጃቸው አዞሩና መርገጥ ጀመሩ። ሰፍተው ሲጨርሱ ጨርቁን ገልብጠው የላዩንና የታቹን ክር በጥፍራቸው እየዳበሱ አዩት። ቀበቶው መርገቡን ልነግራቸው ስጀምር "አንብቤዋለሁ ልጄ፤ እሱን ስለጻፍክ ነው የመጣሁት" አሉኝ። እናቴ ከጓዳ ወጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ዘይት የት የት እንደሚጠጣ አንድ በአንድ አሳየቻቸው። ወሬያቸው ረዝሞ ቡና ተፈላ።

ፍሪጁና ሲንጀሩ እንደተሸጡ እኛ ያወጣንላቸውን ማስታወቂያ ወዲያው አጠፋነው። የደላላው ግን አሁንም አለ፤ ሰዎች እየደረሱበት ቁጥሬን አፈላልገው ስለ ፍሪጁ ይደውሉልኛል። ተሸጧል እላቸዋለሁ፤ ሌላ ቦታ ሲገዙም የብር ኖቱን በሩ ላይ እንዲሞክሩት እነግራቸዋለሁ።

ቡፌው ገና አልተሸጠም። የግራው መሳቢያ አጥብቆ አይዘጋም፤ አንዱ መስታወት ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል። እንጨቱ ደህና ነው። የሚፈልግ ሰው ይህን አውቆ ይምጣ፤ ደረጃ የሚያወርዱ ሰዎችም ይዞ ይምጣ።