ባዶው እርሳስ

ተረት ተረት፤ የላም በረት። ራስ ተፈሪ በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላምን ካቋቋሙ ወዲህ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንዲት ሌላ ትንሽ ማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደሎች ይኖሩ ነበር። ፊደል ለቃሚው ከየሣጥናቸው አንሥቶ በመስመር ያቆማቸዋል፤ በብረት ክፈፍ ጥርቅም አድርጎ ያስራቸዋል። ከዚያ መኪናው ይነሣል። ቀለም የጠገበው ጥቅል ፊታቸውን ዳብሶ ያልፋል፤ የብረት ጣቶች ነጩን ወረቀት ይነጥቃሉ፤ ከበሮው አንዴ ይዞራል። ዲዳ ሆኖ የገባው ወረቀት ተናጋሪ ሆኖ ይወጣል፤ እርሳሱ ላይ የግራ ቀኝ የቆመው ሁሉ ቀንቶ ይነበባል። ተላላኪው ልጅ ይህን ሲያይ መልእክቱን ይረሳል። ማን ይፈርድበታል!

በፊደሎቹ መካከል ባዶ እርሳሶች አሉ። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ቀለም አይነካቸውም። ሥራቸው ክፍተት እየሞሉ መስመሩን ማጥበቅ ብቻ ነው።

«እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊት ሮም ላይ በግእዝ ሲታተም አያቶቼ ነበሩበት» አለ ሀ ባዶውን። «ያንተ አባት ምን ጻፈ?» ከፖሊስና ከፖስታ በቀር እምብዛም ሥራ የማያገኘው የፐ ቤተሰብ እንኳ ሳቀ። ያን ሌሊት ባዶዎቹን ገፍተው ጣሏቸው።

ጠዋት ክፈፉ ሲነሣ ገጹ ዝርግፍ አለ። አዋጁ ከሙት ዓመቱ ማስታወቂያ ጋር ተደባለቀ። ከ200 በላይ ዓይነት ፊደል ከወለል ለቅሞ የሚለይ ሰው ምን እንደሚል አልጽፈውም።

ትናንት «አንተ» ያለው ሀ አሁን «እርስዎ» አለ። «በምን እንካስዎ?»

«ቁመታችን ይስተካከል። እኛም ወረቀቱን እንይ።»

ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። ፊደሎቹ ትንሽ ላላ አሉላቸው፤ መኪናው ሲንቀጠቀጥ ባዶዎቹ እየተንፏቀቁ ወጡ፤ ቀለም ጠጡ። ጋዜጣው በየቃሉ መካከል ጥቁር እያጋደመ ወጣ።

ከተማው በአንድ እግሩ ቆመ። ፊደሉን ያነበበ የለም፤ በየጠጅ ቤቱ የሚነበበው ጥቁሩ ነበር። «እዚህ ጋ የተደለዘው የሚኒስትሩ ስም ነው» ይላል አንዱ፤ «ኧረ የግብሩ ነገር ነው!» ይላል ሌላው። ጋዜጣው እኩለ ቀን ሳይሞላ አለቀ።

ከሰዓት በኋላ የሳንሱሩ ሹም ማተሚያ ቤቱ ድረስ መጡ፤ ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት።

«እኔ ሳላዝ ማነው የሠረዘው?»