ማንኪያ ቆጣሪው

የእድራችን ገንዘብ ያዥ ስኳር ከተገኘባቸው ወዲህ ሻይ መጠጣት ፈተና ሆኗል፤ ለእሳቸው ሳይሆን ለእኛ። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ስብሰባው ሲያልቅ መታጠፊያው ላይ ያለችው ሻይ ቤት ጎራ እንላለን። ጋሼ ‹‹የእኔን ያለ ስኳር!›› ብለው ያዛሉ፤ ቤት ውስጥ ያለው ይቅርና መንገደኛው እንዲሰማ አድርገው። ከዚያ ዓይናቸውን ማንኪያችን ላይ ይተክላሉ። ‹‹አንድ... ሁለት... ኧረ አንተ ልጅ፣ ሦስተኛ?›› የእድሩን መዋጮ በዚህ ትጋት ቢቆጥሩልን ኖሮ ድንኳን መከራየት በተውን ነበር።

የሚገርመው፣ ያቺን ያለ ስኳር የቀረበች ሻይ የሚያወራርዱት በሁለት ዳቦ ነው። ‹‹ዳቦ ምን አለበት? ስኳር አልገባበትም።›› ቤት ሲገቡ ሦስት እንጀራ ይጠብቃቸዋል፤ እሱም ስለሚኮመጥጥ ከስኳር ጋር ዝምድና የለውም። ማርማ ጭራሽ መድኃኒት ነው፤ ንብ ሠርታው! አንጀት ግን እንደ ምላስ በጣዕም አይሸነገልም። ዳቦውንም እንጀራውንም በታትኖ ግሉኮስ ያደርግና ወደ ደም ይለቀዋል። እዚያ ከደረሰ በኋላ ከማንኪያ የመጣውን ከጤፍ ከመጣው የሚለይ የለም።

ቢሆንም እውነቱን እንናገር፤ የጋሼ ማንኪያ ቆጠራ መሠረት አለው። አንድ ጤነኛ ሰው ቁርሱን ሳይቀምስ በአምስት ሊትር ደሙ ውስጥ ያለው ግሉኮስ ሁሉ ቢሰበሰብ 5 ግራም ገደማ ነው፤ አንዲት የሻይ ማንኪያ። በመላ ሰውነት! እኔ ደግሞ በአንዲት ብርጭቆ ሦስት ጨምሬ ዳቦዬን አስከትላለሁ። ታዲያ ይሄ ሁሉ የት ይገባል? ጋሼ አፍ ድረስ ያለውን መንገድ ነው የሚቆጣጠሩት፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ጠይቀው አያውቁም። ጉበት ድርሻውን ይወስዳል፤ ሌላው ትልቅ ጎተራ ጡንቻ ነው። ይኸውም እኔና ጋሼ ከእሑድ እስከ እሑድ የምንቀመጥበት መሆኑ ነው።

‹‹ኢንሱሊን ማለት ቁልፍ ነው›› ይላሉ ጋሼ፣ ነርሷ እንደነገረቻቸው። ነርሷ አልተሳሳተችም፤ ውጭ ያን ሁሉ ተሰላፊ ይዛ ከዚህ የተሻለ ማስረዳት አይገኝም። ቤቱ ግን ጋሼ ከሚያስቡት በላይ ጉደኛ ነው። የጡንቻ ሕዋስ ለስኳር የሚሆነውን በር ግድግዳው ላይ አይተወውም፤ አብዛኛውን ነቅሎ ጓዳ ያስቀምጠዋል! በሮቹ ‹ግሉት 4› የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው፤ በደቃቅ ከረጢቶች ታጭቀው ውስጥ ይቆያሉ። ስንበላ ቆሽት ኢንሱሊን ይለቃል። ኢንሱሊኑ ደጃፍ ላይ ደርሶ መጥሪያውን ይጫናል እንጂ ስኳር ተሸክሞ አይገባም። መልእክቱ ውስጥ ለውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲቀባበል ከረጢቶቹ ወደ ሕዋሱ ሽፋን ተጠግተው ይዋሃዱና በሮቹ ብቅ ይላሉ። ስኳር ይገባል። ኢንሱሊኑ ሲቀንስ በሮቹ እንደገና ተነቅለው ጓዳ ይመለሳሉ። እንዲህ ያለ ቤት የሠራ ሰው ሰፈራችን ውስጥ ቢኖር ስንት ቡና እናጣጣበት ነበር!

ሊቃውንቱም ቶሎ አልደረሱበትም። ኢንሱሊን ሥራው ስኳሩን ማስገባቱ ላይ መሆኑን ራክሚኤል ሌቪንና ባልደረቦቹ ቺካጎ ላይ በውሾች ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። በሮቹ ከጓዳ እንደሚወጡ የታወቀው ደግሞ በ1980፣ ያውም መጀመሪያ በአይጥ የስብ ሕዋስ።

የጋሼ ዓይነቱ ስኳር መጥሪያው እየጮኸ ሰሚ ሲጠፋ ነው። የጎረቤታችን ዘበኛ እንዲሁ ናቸው፤ በመጀመሪያው ጡሩምባ ይገላበጣሉ፣ በሁለተኛው ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ፣ በሦስተኛው ‹‹ማነው?›› ይላሉ። ቆሽትም አንዱ አልበቃ ሲለው ደጋግሞ ይደውላል፤ ዓመታት ሲያልፉ እሱም ይዝላል። ስኳሩ ደግሞ ደም ውስጥ ወረፋ ይዞ ይንገላታል።

አንድ ነገር ግን አለ። ጡንቻ ራሱ ሥራ ላይ ሲሆን መጥሪያ አይጠብቅም። ሲኮማተርና ሲፍታታ በሮቹን በገዛ እጁ ያወጣል፤ የኢንሱሊኑን ደውል የማይሰማው ሕዋስ እንኳ ይህችን ትእዛዝ ይሰማል። ይህን የሰማሁ ሰሞን ነጭ ሶል ያለው የስፖርት ጫማ ገዛሁ። ሰባት ወር ሆነው። ሶሉ አሁንም ነጭ ነው፤ ሻይ ቤቷ ወለል ሴራሚክ ስለሆነ አያቆሽሽም።

በሰፈራችን በጡንቻቸው የሚያድሩት ጎመን የሚሸጡት እትዬ ናቸው። ኢንሱሊን ይወጋሉ። ‹‹መርፌ ጀመሩ አሉ›› የተባለ ዕለት ሰፈሩ በሙሉ ከንፈሩን መጠጠ፤ ጋሼማ የእድሩን መዝገብ ገልጠው የእትዬ ወርኃዊ ክፍያ መሟላቱን ሲያዩ ደርሼባቸዋለሁ። መርፌ የመጨረሻው ነው፣ አበቃ፣ ይላሉ። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ የመጀመሪያውን መርፌ የተወጋው የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምፕሰን ሆስፒታል ሲገባ 30 ኪሎ እንኳ በቅጡ አይሞላም ነበር። ከመርፌው በኋላ 13 ዓመት ኖረ። እትዬም ይኸው ከተለቀሰላቸው ስድስተኛ ዓመታቸው ነው፤ በየጠዋቱ ዘንቢላቸውን ተሸክመው ዳገቷን ይወጣሉ።

ባለፈው እሑድ ዳገቷን ጨርሰው ሲመጡ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቃቸው። መርፌውም ጡንቻውም ባንድ ጊዜ በር ሲያስከፍቱ የደም ስኳር ከልክ በታች የሚወርድበት ቀን አለ። የሻይ ቤቷ ደፍ ላይ ዘርፈጥ አሉና መቀነታቸውን ፈተው ከቋጠሯት ከረሜላ አከታትለው አኘኩ።

ጋሼ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ‹‹አንቺ ሴትዮ! መርፌ እየወጋሽ ከረሜላ? ራስሽን ልትገይ ነው?››

‹‹እንዳልሞት ነው እንጂ፣ ጋሼ›› አሉ እትዬ፣ የከረሜላውን ወረቀት አጣጥፈው መቀነታቸው ውስጥ እየመለሱ። አረፍ አሉ፣ ከጋሼ ዳቦ ቆረስ አድርገው ቀመሱ፣ ላባቸውን ጠረጉ፣ ከዚያም ዘንቢላቸውን አንስተው ሄዱ።

ጋሼ በኀዘን ራሳቸውን እየነቀነቁ ተቀመጡ። ‹‹አይ ሰው! ለራሱ አያውቅም›› አሉና የቀረችውን ዳቦ ጨረሱ። ሒሳብ ከፈልን። ከሻይ ቤቷ እስከ ቤታችን ስድስት መቶ ሜትር ቢሆን ነው፤ ያውም ቁልቁለት። ባጃጅ ጠራን።