ሦስተኛ የወጣው አራተኛ ሲሆን

ፈረስ እንይ ያልኩት እኔ አይደለሁም። ጋሼ ናቸው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡናችንን እየጠጣን ሳለ፣ “አሜሪካ ይህን ሁሉ ዘመን ኖሬ ፈረስ ሲሮጥ ሳላይ ልሞት ነው?” ብለው የጮሁት። በንጉሡ ጊዜ ጃንሜዳ ላይ እሽቅድምድም ያዩ ሰው ስለሆኑ ስለ ፈረስ ሲያወሩ ማንም አያስቆማቸውም። ቅዳሜ ከሰዓት ሜሪላንድ ውስጥ ካሉት መሮጫዎች ወደ አንዱ ይዣቸው ሄድኩ።

ፈረሶቹ ከመሮጣቸው በፊት በተመልካች ፊት የሚዞሩበት ቦታ አለ። ጋሼ ደረቱን፣ ቁርጭምጭሚቱን፣ ላቡን ሲመረምሩ ቆይተው አንድ ዳማ መረጡ። ስሙን ሳነብላቸው በሳቅ ፈረሱ። እኛ ዘንድ ንጉሡ ራሱ በፈረሱ ስም አባ ዳኘው፣ አባ ታጠቅ ይባላል፤ እዚህ ግን የፈረስ ስም ከነክፍተቱ ከ18 ፊደል አይብለጥ እንጂ የመሸታ ቤት ቀልድም ቢሆን ያልፋል።

መስኮቱ ጋ ስንደርስ ዕውቀታቸው አልጠቀመንም። ትኬት ቆራጯ የምትፈልገው የውድድሩን ቁጥር፣ ገንዘቡን፣ የውርርዱን ዓይነትና የፈረሱን ቁጥር ነው። ጋሼ “ያ ዳማው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው” አሏት፣ በአማርኛ። ሰልፉ ማጉረምረም ጀመረ። “ዊን፣ ፕሌስ ወይስ ሾው?” አለች። ዊን አንደኛ ከወጣ ብቻ ያስከፍላል፤ ፕሌስ አንደኛም ሁለተኛም ቢወጣ፤ ለሾው ከሦስቱ መግባት ይበቃል። ይህን ላስረዳቸው አፌን ስከፍት “የስ፣ የስ፣ የስ” ብለው ጨረሱት። ለሦስቱም በየ2 ዶላሩ ተቆረጠላቸው።

“ሁለት ብዬ ስድስት?” እያሉ ወደ አጥሩ ተጓዙ። ዳማው ሁለተኛ ወጣ። ዊኑ ተበላ፤ ፕሌሱ 3 ዶላር ከ40፣ ሾው 2 ዶላር ከ60 ከፈለ። ድምሩ 6 ዶላር። ጋሼ ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጥረው፣ “ታዲያ ለምን አስሮጡት?” አሉኝ።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ላስረዳቸው ስሞክር ዕቁብ ትዝ አለኝ። ፓሪሳዊው ጆሴፍ ኦሌር፣ ኋላ ሙሌን ሩዥን ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ፣ በ1860ዎቹ የዘረጋው ስልት ነው፦ የተወራረደው ሁሉ አንድ ቋት ውስጥ ይገባል፣ ቤቱ ድርሻውን ያነሳል፣ የቀረውን ያሸነፉት ይካፈሉታል። ሰብሳቢው ዕጣ ሳይወጣለት በየሳምንቱ የሚበላበት ዕቁብ በሉት። የሰብሳቢው ድርሻ ደግሞ ውርርዱ በተወሳሰበ ቁጥር ይጨምራል። ስለዚህ የምንወራረደው ከቤቱ ጋር ሳይሆን አጠገባችን ከቆመው ሰው ጋር ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ፈረስ ማወቅ ምንም አያበላም። በ1973 ሴክሬታሪያት ቤልሞንት ላይ በ31 ፈረስ ርዝመት ቀድሞ ሲገባ፣ 2 ዶላር ለቆረጠ የደረሰው 2 ዶላር ከ20 ነው። 5,617 አሸናፊ ትኬቶች እስከ ዛሬ አልተመነዘሩም፤ ባለቤቶቹ ሃያ ሳንቲሟን ንቀው ወረቀቱን ለማስታወሻ አስቀሩት። እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው።

ይህን ስናወራ ከአጠገባችን የነበረ አንድ አበሻ ልጅ ጣልቃ ገባ። እሱ ዊንና ፕሌስን የጡረተኛ ጨዋታ ነው የሚላቸው። የሚቆርጠው ትራይፌክታ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት በቅደም ተከተላቸው መገመት። ቅደም ተከተሉ ካስጨነቀህ “ቦክስ” ትላለህ፤ እንዴትም ተቀያይረው ቢገቡ ያንተ ናቸው። ነፃ ግን አይደለም፦ ሦስት ፈረስ ቦክስ ሲደረግ ስድስት ውርርድ ነው፣ አራት ሲሆን 24። ልጁ 2፣ 3፣ 7 እና 9ን በየአንድ ዶላሩ አስቆረጠ። እኔ ኪሴን አይቼ 3፣ 5 እና 7 አልኩ።

3 ቀደመ፣ 7 ተከተለ፣ 5 ሦስተኛ ገባ። ጋሼ የእኔን ድል እንደራሳቸው ቆጥረው እልልታውን አቀለጡት። ልጁ 2 አራተኛ መውጣቱን አይቶ ትኬቱን ወረወረና ቢራውን አነሳ። ወዲያው ሰሌዳው ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ፤ ዳኞቹ ፊልሙን እያዩ ነው ተባለ። በ2019 የኬንታኪ ደርቢ አንደኛ የገባው ማክሲመም ሴኩሪቲ ከ20 ደቂቃ በላይ ካስጠበቁ በኋላ ተሰርዞ፣ ማንም ያልጠበቀው ካንትሪ ሃውስ በ2 ዶላር 132 ዶላር ከ40 የከፈለው እንዲህ ባለ ፍርድ ነበር። በእኛም ተፈረደ፦ 5 መታጠፊያው ላይ 2ን ገፍቶታልና ከኋላው ይሁን። ሦስተኛው አራተኛ ሆነ፣ አራተኛው ሦስተኛ።

ልጁ መሬት ላይ ወደቀ። ውጤቱ ሳይጸድቅ ትኬት የሚጥለው እሱ ብቻ አልነበረም፤ ወለሉ በወረቀት ተሸፍኗል፣ እኛም ብቻችንን አልተንበረከክንም። ጋሼ ወገባቸውን ይዘው አጎንብሰው በስልካቸው መብራት ወንበር ለወንበር ፈለጉ፤ የትናንት ትኬት አገኙ፣ የሰው መነጽር አገኙ፣ በመጨረሻ ከቆሻሻ መጣያው ሥር የልጁን አወጡ። ልጁ አቅፎ ሳማቸውና ከደረሰው ላይ 40 ዶላር ዘረጋላቸው።

“የቁማር ገንዘብ አልነካም” አሉ ጋሼ፣ ስድስት ዶላሩን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይዘው።

“እንግዲያው ክትፎ ልጋብዝዎት።”

“ክትፎማ ምግብ ነው።”

ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ በእኔ መኪና ተጓዝን። ልጁ መንገዱን ሁሉ የሚቀጥለውን ቅዳሜ ሱፐርፌክታ፣ አራት ፈረስ በቅደም ተከተል፣ ሲያሰላ ነበር፤ ሒሳብ ሲመጣ ግን ቦርሳውን ከነገንዘቡ ሰልፉ መሐል እንደሰረቁት ታወቀ። የሦስታችንንም እኔ ከፈልኩ። ጋሼ ለአስተናጋጇ ስድስት ዶላራቸውን ጉርሻ ሰጧት።