ይድረስ ለእቴ አንጓች፤ ስለ ቫኪዩሙ ጉዳይ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለምወድሽ፣ ይልቁንም ለምፈራሽ እኅቴ ለእቴ አንጓች። እማ ደኅና ናት? ልጆቹስ? ያ ነገረኛ ባልሽስ? እኔ ከናፍቆታችሁና ከወገቤ በስተቀር መድኃኔ ዓለም ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ወገቤን ያነሣሁት እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ሥራ እንዳልፈታሁ እንድታውቁልኝ ነው።

የላክሽው የድምፅ መልእክት ደርሶኛል። ከዓረብ አገር የተመለሰችው የጎረቤትሽ ልጅ ቫኪዩም ይዛ መጥታ፣ መስኮቷን ከፍታ፣ ቢቸና እስኪሰማ ድረስ ምንጣፏን ትጠርጋለች አልሽ። «አሜሪካ ወንድም እያለኝ መጥረጊያ ይዤ ልጎንበስ?» አልሽ። እሺ። ቀጥለሽ ደግሞ «ውዱን ላክ አልልህም፤ ያን ሌላ ስም ለጥፈው በርካሽ የሚሸጡትን ላክልኝ፣ ማን ገልብጦ ያየዋል» አልሽ። ኧረ እኔ አየዋለሁ! ከቢቸና ወጥቶ ቫኪዩም ገልብጦ የሚያይ ሰው ቢፈለግ ከእኔ በላይ ማን አለ? እማ ለሰንበቴ ማኅበርተኞቿ «ልጄ ቢሮ ነው የሚሠራ» ትላለች አሉ። እውነቷን ነው። ቢሮ ነው የምሠራው፤ የቢሮው ሰዎች ወደ ቤታቸው ከገቡ በኋላ።

ሥራዬን እንዳትንቂው ደግሞ። ይህን ዕቃ ሰው በእጁ እየገፋ እንዲጠርግበት አድርጎ የሠራው የእኔው ባልደረባ ነው። ጄምስ ስፓንግለር ይባላል፤ ኦሃዮ ውስጥ ካንተን በምትባል ከተማ የአንድ ትልቅ ሱቅ ጽዳት ሠራተኛ ነበር። አስም ነበረበትና መጥረጊያው የሚያስነሣው አቧራ ትንፋሹን ቢያሳጣው፣ የቬንትሌተር ሞተር፣ የሳሙና ሣጥን፣ የመጥረጊያ እንጨትና የትራስ ልብስ አገጣጥሞ አቧራውን ወደ ትራስ ልብሱ የሚያስገባ ጉድ ሠራ። በፈረንጆቹ 1908 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ገንዘብ ግን ከየት ይምጣ? ለሁቨር ሸጠው። ሁቨር ማለት ኮርቻና የፈረስ ዕቃ የሚያሠራ፣ መኪና መጥቶ ገበያው ሊቀርበት የነበረ የቆዳ ነጋዴ ነው። እኛ አገር ቢሆን በቆዳ ሥራው ሰበብ ሴት ልጁን የሚድርለት አይገኝም ነበር፤ እዚህ ግን ስሙ ከዕቃው ጋር ዓለምን ዞረ።

አሁን የዚያ ስም ጌታ ማን መሰለሽ? አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ ከ2007 ጀምሮ የሆንግ ኮንግ ኩባንያ ነው። አውሮፓ ውስጥ ጣልያኖቹ ካንዲዎች ገዝተውት ነበር፤ በ2019 እነሱንም የቻይናው ሃየር ጠቀለላቸው። አንድ ስም፣ ሁለት ጌታ፣ ሁለቱም ከወደዚያው። ዩሬካ የሚባለውን የአሜሪካ ስም በ2016 የቻይናው ሚዲያ ገዛው። ያ እንግሊዛዊ ዳይሰን፣ ዋጋው ሲጠራ ሰው የሚያማትብበት፣ ፋብሪካውን ነቅሎ ማሌዥያ ያስገባው በ2002 ነው። ሲርስ የሚባለው ሱቅማ ኬንሞር እያለ በራሱ ስም ሲሸጥ ኖረ እንጂ አንድም ቀን ቫኪዩም ሠርቶ አያውቅ፤ እነ ፓናሶኒክ ይሠሩለት ነበር፣ እሱ ክርስትና ያነሣ ነበር። ስለዚህ እቴ፣ «ባሕር ማዶ የተሠራ ርካሽ» እያልሽ ርካሹን ብቻ አትሚው። ውዱም ያንኑ ባሕር ነው የሚሻገረው።

የስም መለወጥ ነገር ከተነሣ፣ ደብዳቤው ሲነበብ አብረው የሚሰሙት የድሮው ገበሬ ጋሼ ምሕረት እንደሚስቁ አውቃለሁ። ጋሼ፣ አንቱስ በደርግ ዘመን የጥኖራ የገበሬ አምራቾች ማኅበር አባል በነበሩ ጊዜ፣ በየደረጃው ማልባ አሏችሁ፣ ወልባ አሏችሁ፣ ወላንድ ትሆናላችሁ አሏችሁ፤ ስሙ በተለወጠ ቁጥር እንግዳ ሊጎበኝ ይመጣል፣ የሚያርሰው ግን ያው የአንቱ ቦራ በሬ ነበር። በእኛው 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ታወጀ ሲባል ማኅበሩ ምን ያህል ሰንብቶ እንደፈረሰ እኔ አልናገርም። ከማኅበሩ ንብረት ክፍፍል የደረሰዎ ያ በር ግን አሁንም ግድግዳ ተደግፎ ቤት ይጠብቃል? ደግሞ ሞጆ ላይ ሆላንድ ካር የቻይናውን ሊፋን ገጣጥሞ «አባይ» የሚል ስም ሲያወጣለት፣ «አባይ አባይን ተሻገረ» ብለው ቅኔ ሊዘርፉ ተነሥተው ቤት የጠፋብዎ ቀን ትዝ ይለኛል። የዲማ ቅኔ ቤት በሰላም የሸኘዎ ወድዶ አይደለም።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ከእኔ ጋር የሚኖረውን ይበልጣልን ታውቂዋለሽ፤ ሞጤው፣ የሞጣው ልጅ። እኔ ቫኪዩም በስልሳ ዶላር ገዛሁ። እሱ «ቢቸኔ ሁልጊዜ ከወደ ታች ነው» ብሎኝ የራሱን በመቶ አሥር ገዛ። የእኔ ሰማያዊ፣ የእሱ ቀይ። ስማቸው ለየብቻ፣ ማስታወቂያቸው ለየብቻ። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ሁለት ቫኪዩም ይዘን ተኮራርፈን ከረምን።

የግንቦት ልደታ ለት ይበልጣል ከሕንፃው ጓሮ ሣር አጭዶ (ክልክል ነው፣ ለማንም እንዳትነግሪ) ጎዘጎዘው። ቡና እየተቆላ ደጃችን ተንኳኳ። ሁለታችንም ተሽቀዳደምን። እኔ ቀድሜ ከፈትሁ፤ ከረባት ያሠረ ልጅ እግር ፈረንጅ ትልቅ ሣጥን እየጎተተ ቆሟል። አንድ ክፍል በነጻ ልጠርግላችሁ አለ። ይበልጣል ከኋላዬ ሆኖ «በነጻ? ግባ በለው እንጂ! በሥላሴ፣ እንግዳ ደጅ ይቆማል?» ይላል።

አስገባነው፣ አስቀመጥነው፣ ንፍሮ ሰጠነው። ሣሩን አይቶ «ይኸ ምንድነው?» አለ። የበዓል ነው አልነው። «ቤት ውስጥ?» አዎ። ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ አንድ ነገር ጻፈ። ከዚያ ሣሩን ገለል አድርጎ፣ በላስቲክ የታሰረ ነገር ፈትቶ ምንጣፋችን ላይ በተነው። አፈር! እቴ፣ በሞትሁት፣ አፈር ነው! ባዶ እጁን የሚመጣ እንግዳ አይቻለሁ፤ አፈር ይዞ የሚመጣ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ይበልጣል የሞጣን ጊዮርጊስ ጠራ። እኔ ጀበናውን አሸሸሁ።

ልጁ ሳይደነግጥ ማሽኑን አወጣ። አፈሩን ጠረገው። ከዚያ የኛን የራሳችንን ጉድ ሊያወጣ፣ የማሽኑ አፍ ላይ ክብ ነጭ ጨርቅ እያደረገ ምንጣፉን ይስብና፣ ጨርቁን አውጥቶ ድርቆሽ እንደሚያሰጣ ሰው በተርታ ይደረድረዋል። አንደኛው ጠቆረ፤ አፈርን። ሁለተኛው ጠቆረ፤ ይበልጣል እኔን አየኝ። ሦስተኛው ቀላ። ልጁ ግራ ገባው። «ይህን ቀለም አይቼ አላውቅም» ብሎ ወደ አፍንጫው አስጠጋው።

የእማ በርበሬ ነበር። ያ ሻንጣ ውስጥ የፈነዳው።

አስነጠሰ፣ አስነጠሰ፣ ከረባቱ ትከሻው ላይ ወጣ። እኛ «ይማርህ፣ ይማርህ» እያልን ውኃ እናቀብላለን። ያን ጊዜ ነው ይህ ያንቺ ወንድም ሐሳብ የመጣለት። የቫኪዩም ሣጥን ላይ ሁሉ «ሄፓ» የሚል ተጽፎ አይተሻል? ትክክለኛው የሄፓ ማጣሪያ 0.3 ማይክሮን የምታህለዋን ብናኝ ከመቶ 99.97 እጅ መያዝ አለበት። ርካሾቹ ላይ ግን «ሄፓ መሰል» ብለው ይጽፋሉ፤ መሰል ማለት ደግሞ ምንም ማለት ይችላል። ይህን በበርበሬ መፈተን ይቻላል አልሁ። እማ ይቅር በይኝ፣ ሦስት ማንኪያ ሠዋሁ።

መጀመሪያ የልጁ ማሽን። ሳበ። ሦስታችንም አፍንጫችንን አቁመን ጠበቅን። ምንም። ቀጥሎ የእኔ ሰማያዊ። ከፊት ሳበ፣ ከኋላ ቀይ ጉም ተፋ። ቤቱ ሁሉ በማስነጠስ ተናጋ፣ የቡናው ጢስ ተጨመረና የጭስ ደወሉ ይጮህ ጀመር፣ ከላይ ያለችው አሮጊት በእግሯ ወለሉን ትደበድባለች። ይበልጣል እንባውን እየጠረገ፣ በሞጤ ኩራት፣ «አሁን የኔን እዩ» አለ። አየን። ያው ቀይ ጉም፣ ያው ማስነጠስ፤ ልዩነቱ ሞጤ ሲያስነጥስ አፉን ጨብጦ ነው፣ ክብሩ እንዳይነካ።

ፈረንጁ ይሄኔ ሁለቱንም ገልብጦ ሆዳቸውን አየ። ብሎኑ አንድ፣ የብሩሹ ቀበቶ አንድ፣ ከውስጥ ፕላስቲኩ ላይ የታተመው ቁጥር ሳይቀር አንድ። ካቻቪት አወጣና የሰማያዊውን ክዳን ፈትቶ ቀዩ ላይ ገጠመው። ቀጭ አለ፤ ገባ። ከአንድ ፋብሪካ ወጥተው ከአንድ መርከብ የወረዱ ወንድማማቾች ናቸው። አምሳው ዶላር የቀይ ቀለም ዋጋ ኖሯል። ይበልጣል እስከ ማታ አልተናገረም፤ እኔ ግን ስለ እሱም ስለ እኔም ተናገርሁ።

የልጁ ማሽንስ ስንት ነው? ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ። ይበልጣል በምልክት መቶ አለው። ልጁ ለአለቃው ደወለ፣ ቀነሰ። እኛ ገበያ ላይ እንደሚደረገው ጥለነው ሄድን፤ ቤታችን ስለሆነ የሄድነው እስከ ኩሽና ነው። እንደገና ደወለ፣ በግማሽ ወረደ። በግማሽ የሚወርድ ዋጋ ድሮውንስ የማን ዋጋ ነበር? አልገዛንም። እሱም አልተቀየመ፤ በረካውን ጠጥቶ፣ ንፍሮ በላስቲክ ቋጥረንለት ሄደ። አፈሩን ግን መልሶ ወስዷል፤ ለሚቀጥለው ቤት ይሆናል።

እኔን የምትጠይቂኝ ከሆነ ከመንታዎቹ ርካሹን መግዛት ነውር የለውም፣ ግን ሆዱን አይተሽ ነው። ሥራ ቦታ የምገፋት አሮጌ ማሽን መልከ ጥፉ ናት፤ ነገር ግን ቀበቶዋ፣ ብሩሿ፣ ገመዷ፣ ሁሉም በካቻቪት ተፈትቶ በርካሽ ይለወጣል። አለቃችን አንድ ሰሞን አዳዲስ ርካሾች አመጣ፤ አንገታቸው ሲሰበር መለዋወጫ የላቸውም፣ ቆሻሻ ገንዳ ገቡ። እሷ እስከ ዛሬ አለች። ድምፅዋ ትልቅ ነው። ማንም በሌለበት ፎቅ ስገፋት የሚሰማኝ የለም ብዬ የሁላችሁንም ስም ጮክ ብዬ እጠራለሁ፣ ከእማ ጀምሬ። አንድ ሌሊት ሶኬቱ ተነቅሎ ድንገት ዝም አለች፤ «እማ!» ያልሁት በባዶው ኮሪደር ብቻውን ቀረ። ዘበኛው ሌባ ያዝሁ ብሎ ራዲዮኑን እያንጫረረ መጣ፤ እማ ማን ናት፣ የት ተደብቃለች ብሎ ጠረጴዛ ሥር ሁሉ ፈለጋት። እማ፣ አሜሪካ ውስጥ በፖሊስ ልትፈለጊ ትንሽ ነበር የቀረሽ።

ስለዚህ አልክልሽም። ስስት አይደለም። የዚህ አገር መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእናንተ 220፤ እንዲሁ ብትሰኪው ሞተሩ ይነድድና ለጎረቤትሽ ልጅ መሳቂያ ትሆኛለሽ። 12 አምፔር የሚል የተጻፈበት ማሽን 1,440 ዋት የሚሸከም ትራንስፎርመር ይፈልጋል፤ እሱን ከዚህ ማጓጓዝ ከማሽኑ ዋጋ ይበልጣል። ገንዘቡን ልላክልሽ፣ ለንግድ አዲስ አበባ የሚመላለሰው አያ ጌትነት ሲወርድ ከመርካቶ የ220ውን ይግዛ። «ኦርጂናል ነው» ሲሉት ዝም ብሎ ያዳምጥ፤ ከዚያ ቀበቶውና ማጣሪያው ለብቻው ይገኛል ወይ ብሎ ይጠይቅ። የለም ካሉት ይውጣ፣ በ220 የሚሠራ የአሜሪካ ስም እንኳ ቢለጥፉበት። 2000 ዋት ብለው በትልቁ የጻፉትም አያጓጓው፤ ዋት የሚለካው የሚበላውን እንጂ የሚስበውን አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በፈረንጆቹ ከ2017 ጀምሮ ከ900 ዋት በላይ የሚበላው እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ ቤታቸው ግን አልቆሸሸም። የእማን ጓዳ ደግሞ እንዳታስነኪው፤ የተለቀለቀውን እበት ልጦ ይበላዋል።

ለእኔ በርበሬ ላኪልኝ። የቀደመው ለሳይንስ ዋለ።

ወንድምሽ

አንድ ነገር ረሳሁ፤ ባለፈው ለአያ ጌትነት የላክሁትን ሸሚዝ «የአሜሪካ ጨርቅ ሌላ ነው» እያለ ለቢቸና ሁሉ እንደሚያሳይ ሰምቻለሁ። አንገቱ ሥር ያለችውን ትንሽ ጨርቅ ፊደል የቆጠረው ሙሉቀን ያንብብለት። «በኢትዮጵያ የተሠራ» ይላል። በእኛው ሐምሌ 2008 ከተመረቀው ከሐዋሳው ኢንዱስትሪ ፓርክ ይሁን ከሌላው አይናገርም፤ ብቻ በመርከብ መጥቶ፣ እዚህ ስም ተለጥፎበት፣ በእኔ ገንዘብ ወደ አገሩ ተመልሷል። መሳፈሪያውን የከፈልሁት እኔ ነኝና ለእርሻ እንዳይለብሰው።