ላም የማይግጠው ሳር

እስራኤል ውስጥ፣ በአሽቀሎን ከተማ፣ አሸዋ የሚገዛ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከተማዋ የቆመችው አሸዋ ላይ ነው። መስኮት ሲከፈት አሸዋ፣ ልጆች ከባሕር ሲመለሱ አሸዋ፣ አልጋ ሲነጠፍ አሸዋ። ሶምሶን የወረደባት የመጽሐፉ አስቀሎና ራሷ ከአሸዋ ሥር ተቆፍራ የወጣች ናት። እኔ ግን ጓሮዬን የኳስ ሜዳ ሳደርግ አሸዋ በ25 ኪሎ ከረጢት ገዛሁ።

«የባሕሩ አይሆንም?» አልኩት የፕላስቲክ ሳሩን የሚያነጥፈውን ሰው።

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «እሱ ጨው አለበት። ይሄ የታጠበ፣ የተበጠረ የሲሊካ አሸዋ ነው።» በፕላስቲኩ ሳር መሐል ተነስንሶ በመጥረጊያ ሲገባ ሳሩን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፣ በክብደቱም ምንጣፉን ይይዘዋል። ከጎማ ፍርፋሪም ይሻላል፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ጎማውን ከገበያ ለማስወጣት ወስኖ ለሜዳዎች የ8 ዓመት ጊዜ ሰጥቷል። እኔ እንኳን 8 ዓመት፣ ቅዳሜን የሚያሻግር ትዕግሥት ያላቸው ልጆች የሉኝም።

የሜዳው ሐሳብ የእነሱ ነው። እውነተኛ ሳር እንዳልዘራ ያስፈራኝ ደግሞ ውሃው ነው። የእኛ ከተማ የባሕርን ውሃ ጨውን አስወግዶ ለመጠጥ የሚያበቃ ፋብሪካ አላት፤ በ2005 ሥራ ሲጀምር በዓይነቱ ከዓለም ትልቁ ነበር፤ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ በላይ ያጣራል። ያን ያህል መሐንዲስ ያደከመ ውሃ ለሳር ሳጠጣ አማቴ ቢያዩኝ ልጃቸውን መልሰው የሚወስዱ መሰለኝ።

ለነገሩ የፕላስቲክ ሳር ያስፈለገው ለቅንጦት ብቻ አይደለም። ሂዩስተን ላይ አሜሪካኖች በ1965 ጣሪያ ያለው ስታዲየም ከፈቱ። ብርሃን የሚያስገባው ጣሪያ እያንጸባረቀ ተጫዋቾቹ ኳሱን ማየት አቃታቸው፤ ጣሪያው በቀለም ተቀባ፤ ኳሱ ታየ፣ ሳሩ ሞተ። በ1966 የፕላስቲኩ ሳር ገባ። ከዚያ በፊት፣ በ1964፣ በሰፊው የተነጠፈው ሮድ አይላንድ ውስጥ ሞሰስ (ሙሴ) ብራውን የሚባል ትምህርት ቤት ነው። ይኸው 20 ዓመት ቆይቶ አማቴን ከሌሎች ቤተ እስራኤላውያን ጋር በሱዳን በኩል ያመጣቸውም ዘመቻ ስሙ ሙሴ ነበር። ሙሴዎች እኛን ሳያስከትሉ አይሄዱም።

ሥራው ከላይ ሲያዩት ምንጣፍ መዘርጋት ነው፤ ከሥር ግን መንገድ ሥራ ነው። አፈሩ ተቆፍሮ ይወጣል፣ ጠጠር ይሞላል፣ በማሽን ይጠቀጠቃል፣ ዝናቡ እንዳይተኛበት ትንሽ ዘቅዘቅ ይላል። ከዚያ 4 ሜትር ስፋት ያለው ጥቅልል ይዘረጋል፤ ሁሉም ጥቅልል ወደ አንድ አቅጣጫ መተኛት አለበት፤ ካልሆነ ግማሹ ጠቆር፣ ግማሹ ፈካ ብሎ ሁለት ጎረቤት የተጣላበት ጓሮ ይመስላል።

አማቴ አምቦበር የተወለዱ፣ የጎንደርን ሳር በዘር በዘሩ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ጎንበስ ብለው አንዷን ዘለላ ነቀሉ፤ አሸተቷት።

«ይህን የሚግጥ ከብት አለ?»

«የለም፣ እማማ።»

«ታዲያ ለማን ነው?»

«ለልጆቹ ነው።»

«ልጆቹ ሳር መጋጥ ጀመሩ?»

ልጆቹ ግን ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። በሌላው ዓለም በረኛ መሆን የሚወድ ልጅ የለም፤ እኛ ቤት በረኝነት በዕጣ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሮኬት ሳይረን ሲጮህ ለመደበቅ ያለን 30 ሰከንድ ነው፤ አንደኛው ጎል ደግሞ ማማዱ ማለትም የተጠናከረው ክፍል በር አጠገብ ነው። ታላቁ ልጄ ደንቡን ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጥፏል፦ ሳይረን ሲጮህ ኳሱ በእግሩ ያለ ሰው ኳሱን ትቶ ይሮጣል፤ ሲመለሱ ግን ኳሱ የእሱ ነው። የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ሕግ ይህን አላሰበበትም።

ሴት ልጄ ጉልበቷ ሲላጥ በሕግ ሞገተችኝ። በ2015 ካናዳ የተካሄደው የሴቶች ዓለም ዋንጫ በሙሉ በፕላስቲክ ሳር ላይ መሆኑን፣ ተጫዋቾቹም አስቀድመው መክሰሳቸውን ከየት እንዳገኘችው እንጃ። የእሷ ክስ በረጅም ካልሲ ግዢ ተቋጨ።

ከዚያ ነሐሴ መጣ። እንዲህ ያለ ሳር ፀሐይ ሲያገኘው 60 ዲግሪን ሊያልፍ ይችላል። አማቴ ባዶ እግራቸውን ወጡና በአንድ ዝላይ ተመለሱ። «ምጣድ አንጥፈህ ሜዳ ትለኛለህ!» አሉ። አሁን ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት በጎማ ውሃ አርከፍክፌ አበርደዋለሁ። አዎ፣ ውሃ አይጠጣም ተብሎ የተገዛውን ሳር። ፋብሪካውን ግን አታንሡብኝ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አማቴ አንድ ነገር ተመልክተዋል፦ ሳሩ አይጠወልግም፣ አይታጨድም፣ ወንዝ ወርደው አያመጡትም። አዲስ አበባ ያሉት የጀበና ቡና ሻጮች ይህን ካወቁ ቆይተዋል፤ ቄጠማው ቀርቶ ከረከቦቱ ሥር ቁራጭ ፕላስቲክ ነው የሚያነጥፉት። አማቴ ግን ቁራጭ አላስፈለጋቸውም፤ ሙሉ ሜዳ ነበራቸው። አንድ ዓርብ ረፋድ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳሉ፣ ረከቦቱን፣ ከሰሉንና ሦስት የጎረቤት ሴቶችን ይዘው ሜዳው መሐል ተቀመጡ። ያነጠፈልኝ ሰው ስለ ዝናብ፣ ስለ ፀሐይና ስለ ውሻ ሽንት ዋስትና ሰጥቶኛል፤ ስለ ከሰል አላነሣም።

ፍሙ ዘለለ። ሳሩ ቀለጠ፤ ሰሃን የምታህል ጥቁር ክብ ቀረች። ልጆቹ ሲመለሱ ጩኸት ሆነ። ታላቁ ሜትር አምጥቶ ለካ፤ ከመሐል ሜዳው ነጥብ አንድ ሜትር ያህል ትርቃለች። ትንሽ አሰበና ጎሎቹን ገፋ ገፋ አድርጎ ጥቁሯን ክብ መሐል አደረጋት።

ጨዋታው አሁን የሚጀመረው በረካ ከተጠጣ በኋላ ነው። ዳኛዋ አማቴ ናቸው። ኳስ ስኒ ከነካ ቀይ ካርድ ነው፤ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ የሚባል ነገር አያውቁም። ትንሹ የልጅ ልጃቸው ግን ባለፈው ጀበናውን ራሱን መትቶ ሜዳ ላይ ቀርቷል፤ «አላየሁም» አሉ፣ ቡናው ቀሚሳቸው ላይ እየፈሰሰ።