ጥርሷን እንይ

አከራዬ በጠዋት በሬን ሲያንኳኩ ወይ ኪራይ ነው ወይ ክስ። የዚያን ዕለት ክስ ነበር። ድመታቸው አውራ ጣት የምታህል ግራጫ ፍጡር ገድላ ደጃፌ ላይ አጋድማት ሄዳለች።

«ይኸውልህ! የጤፌን ጆንያ የቀደደችው አይጥ ተገኘች።»

እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን ስለ እንስሳት ጥርስ የሚያወራ መጽሐፍ አንብቤ፣ ዕውቀቴን የማፈስበት ሰው አጥቼ ነበር። «እማማ፣ ከመፍረድዎ በፊት ጥርሷን እንይ» አልኩ።

«ምነው፣ የምትገዛት በቅሎ መሰለችህ?»

በክብሪት እንጨት አፏን ከፈትኩ። አይጥ ብትሆን ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት መሮ የመሰሉ የፊት ጥርሶች ይኖሯት ነበር። ከእነሱ ቀጥሎ ክራንቻ የለም፤ እስከ መንጋጋ ድረስ ባዶ ድድ ነው። የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፤ ፊቱ ጠንካራ፣ ጀርባው ለስለስ ያለ ስለሆነ በቆረጠመች ቁጥር ራሱን በራሱ ይስላል። የዚህችኛዋ አፍ ግን በመርፌ የተሞላ ነው። አፍንጫዋ እንደ ወስፌ የሾለ፣ ዓይኗ የሰሊጥ ፍሬ የሚያህል። ሲሳይዋ ትልና በረሮ እንጂ ጤፍ አይደለም። ድመቷም ገድላ የተወቻት ጠረኗ አልጥም ብሏት ነው።

«እማማ፣ ድመትዎ የገደለቻት ያለ ደመወዝ በረሮ ትለቅምልን የነበረችውን ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው!»

ዝም አሉ። ዝምታቸውን እንደ ድል ቆጥሬ ቀጠልኩ። እሾኹን እያንኳኳ ድንች የሚቆፍረው ጃርት የአይጥ ወገን ነው አልኩ። ጥንቸል ግን አይደለችም፤ ከላይኞቹ ሁለት ጥርሶቿ ኋላ ሌሎች ሁለት ትንንሾች ተደብቀውባታል። ሊቃውንቱ ሳይቀሩ ከአይጥ ጋር ሲቆጥሯት ኖረው፣ ራሷን የቻለች ወገን ያደረጓት በ1912 እ.ኤ.አ. ነው። ገደል አፋፍ ላይ ፀሐይ የሚሞቀው ሽኮኮ ደግሞ የዝሆን ዘመድ ነው።

እዚህ ላይ አከራዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ልጄ፣ ዝሆን የሚያህል ዘመድ ያለው ድንጋይ ለድንጋይ ሲሽሎኮሎክ ይኖራል?»

መልስ አጣሁ። የእኔም አጎት ባለ ፎቅ ናቸው፤ እኔ ግን የምኖረው ሰርቪስ ቤት ነው።

መጽሐፉ ይመስክርልኝ ብዬ ከአልጋዬ ሥር ሳወጣው ጥጉ ተበልቷል። ወደ ብርሃን አቅርቤ አየሁት፤ ጥንድ ጥንድ የመሮ ፋና። ፊርማዋ ነው። ለካ ጆንያ ቀዳጇ የእኔው ክፍል ነዋሪ ኖራለች።

አከራዬ መጽሐፉን አገላብጠው አዩና፣ «ስለ ራሷ የተጻፈውን እሷም አንብባዋለች» አሉ። ከዚያ ወደ በሩ እያመሩ፣ «በል እንግዲህ፣ አብራችሁ የምትኖሩ ከሆነ ከመጪው ወር ጀምሮ ኪራዩ የሁለት ሰው ነው።»