ጋሼና ፎርማት

ማራገቢያው በአቧራ ታፍኖ በአርባ ምንጭ፣ በሲቀላ ሙቀት የሚቀቀል ላፕቶፕ ይዛችሁ ጥገና ቤት ግቡ፤ ክዳኑ ሳይከፈት «ፎርማት ይፈልጋል» ትባላላችሁ። ተንቀራፈፈ? ፎርማት። ቫይረስ? ፎርማት። ኧረ ቻርጀሩ ተበጥሶ ለመጣም «ለማንኛውም ፎርማት እናድርገው» የሚል አይጠፋም። አቧራውን የሚያራግፍ ብሩሽ ነው የጠፋው!

ጉዱ የሚመጣው በማግስቱ ነው። ከሴቻ ቁልቁል የወረዱ አንድ የሙዝ ነጋዴ ጠጋኙን እንዲህ ያዙት፦

— አንተ ልጅ፣ የላንቴ ሙዝ ሂሳቤ የታለ?
— የት ነበር ጋሼ?
— ዴስክቶፕ ላይ።
— ዴስክቶፕ እኮ ሲ ላይ ነው። ሲ ደግሞ ተጠርጓል።
— ማን ጥረግ አለህ?
— እርስዎ ነዎት «ቫይረሱን አጥፋልኝ» ያሉኝ።
— አይጥ አስወጣልኝ ብልህ ጎተራውን ታቃጥላለህ?

ነጥቡ ለጋሼ። «ሲ ላይ የሚፈልጉት ነገር አለ?» ብሎ ለመጠየቅ ፍላሽ አያስፈልግም፤ አፍ ይበቃል።

— እሺ፣ ዋይፋዩስ የት ገባ?
— ድራይቨሩ አልተጫነም።
— ጫነዋ!
— ከኢንተርኔት መውረድ አለበት።
— ኢንተርኔቱስ?
— ድራይቨሩ ሲጫን ይመጣል።
— ከሴቻ ሲቀላ ባጃጅ እንኳ እንዲህ አላመላለሰኝም!

(ልጁ እዚህ ላይ ሰንፏል። ስልኩን በኬብል ሰክቶ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ ቢከፍት ኖሮ ያለ ዋይፋይ ድራይቨሩን ያወርደው ነበር።)

— ፍላሽ ላይ የተረፈችው ውሌስ፣ ማን ፈረንጅኛ አደረጋት?
— በድሮ የግዕዝ ፎንት ስለተጻፈች ነው ጋሼ። ፎንቱ በፎርማቱ ሄዷል።
— ታዲያ ፊርማዬንም በፈረንጅኛ ላንብበው?

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሶፍትዌሮች የእኛን ፊደል በላቲን ኮድ ላይ ነበር የሚደርቡት፤ ፎንቱ ሲነሳ ላቲኑ ራቁቱን ይቀራል። ውሉ አልጠፋም፣ ያው ፎንት ተፈልጎ ሲጫን ይመለሳል። ይህን ለጋሼ ማን ይንገራቸው? ልጁ ላብ በላብ ሆኗል።

— ደግሞ ዋይፋዩ ሳይጠፋ የምከፍተው ድረ ገጽ ሁሉ «አደገኛ ነው» ይለኝ ነበር።
— ሰዓቱ ተዛብቶ ነው። ይኸው፣ 2018 ይላል።
— ዘንድሮ 2018 አይደለም እንዴ?
— በእኛ ነዋ! ዊንዶውስ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው።

የዚህ ጥፋተኛ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ ናት። እሷ ስትሞት ሰዓቱ ወደ ፋብሪካው ቀን ይመለሳል፤ ያኔ ብሮውዘሩ የድረ ገጾቹ ሰርተፊኬት ገና ያልተሰጠ ይመስለውና አልቀበልም ይላል። ባትሪ መቀየር ነው እንጂ ሺህ ጊዜ ፎርማት ቢደረግ ጠብ የሚል ነገር የለም።

— የጫንክልኝ ዊንዶውስስ ስንተኛው ነው?
— አስር።
— አስርንማ ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን ድጋፉን አቁሟል፤ ልጄ ነግሮኛል።
— በዚህ ማሽን ሰዓት ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል ጋሼ።

ይቺ ለልጁ ትመዝገብለት። ድል ያደረገ መስሎት እጁን ዘረጋ።

— ሂሳቡስ?
— ማሽኑ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው ያልከኝ?
— 2018፣ በፈረንጅ።
— እንግዲያው በዚያ ዓመት ዋጋ ተቀበል።